የዲላ መሐል ከተማ የማን ምክር ነው?

ስለ ከተማ ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ማን እንደ ቆረቆረው ነው። እገሌ የተባሉ ራስ ወይም ደጃዝማች በዚህ ዓመት እዚህ ኮረብታ ላይ ድንኳን ተከሉ፤ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ገበያ አቆሙ ይባልና ታሪኩ ያበቃል። ከዚያ በኋላ በከተማው የኖረው፣ ቤት የተከራየው፣ ጉሊት የተቀመጠው፣ ጆንያ የተሸከመው ሕዝብ ግን «ይህች ከተማ እንዲህ ብትሆን ይሻላል» ብሎ ያስብ ነበር ወይ? አስቦስ ከሆነ ሰሚ አግኝቶ ነበር ወይ? የሚለው ጥያቄ አይነሣም። የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይኸው ያልተነሣ ጥያቄ ነው። ለምሳሌነት የምናነሣትም ዲላን ነው።

ዲላ የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና 360 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን እናገኛታለን። ብዙው ሰው የሚያውቃት በአውቶቡስ መስኮት ነው፦ አንድ ረዥም አስፋልት፣ ግራና ቀኙ ሱቅ፣ ከሱቁ ፊት ጉሊት፣ ከጉሊቱ ፊት ባጃጅ፣ ከባጃጁ ጀርባ ተሳቢ መኪና። አላፊ አግዳሚው ይህን አይቶ «ደመቅ ያለች የንግድ ከተማ ናት» ይልና ያልፋል። ለማለፍ ጥሩ ናት። ለመኖርስ? ይህን የሚመልስ ታሪክዋን ያየ ብቻ ነው።

የሰፈሩ ከተማና የጥላው ሸንጎ

«ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ነገር ይነግረናል። የመጣው «ከተመ» ከሚለው ግስ ነው፤ ይኸውም ጦር ሰፈረ፣ ተቀመጠ ማለት ነው። በ1880ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የአፄ ምኒልክ ጦር ወደ ጌዴኦ ምድር ሲደርስ ያቆመው ከተማም በዚሁ ትርጉሙ ከተማ ነበር። ከፍ ያለ ቦታ ይመረጣል፤ ገዢው መሐል ይቀመጣል፤ ወታደሩ በዙሪያው ይሰፍራል፤ ገባሩ ከታች ሆኖ ማርና እህል፣ ኋላም ቡና ያቀርባል። ሲዳሞን ለብዙ ዓመታት የገዙት ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ መቀመጫቸውን ያደረጉት በሲዳማ ደጋ ላይ፣ ሀገረ ሰላም ነበር። እንዲህ ያለው ከተማ ሲሠራ ዋናው ጥያቄ «ለመኖር ይመቻል ወይ?» የሚል አልነበረም፤ «ለመጠበቅና ለማዘዝ ይመቻል ወይ?» የሚል ነበር።

ታዲያ ጌዴኦ ከዚያ በፊት ስለ መኖሪያው የሚመክርበት ቦታ አልነበረውም ማለት ነው? በፍጹም! በየመንደሩ ሶንጎ የሚባል ሸንጎ ነበረው፤ ዛሬም አለው። ሶንጎ የሸንጎውም የቦታውም ስም ነው። ሰፋ ያለ ግቢ ነው፤ ዛፍ ጥላ ያደርግበታል፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የድንበር ነገር፣ የጋብቻ ነገር፣ የዛፍ መቁረጥ ነገር ሳይቀር ይነጋገሩበታል። ከሶንጎው በላይ ደግሞ በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን የሚያስረክበው የባሌ ሥርዓት አለ። ይህን ስንል የጥንቱን ሁሉ ወርቅ ለማድረግ አይደለም፤ ሴቶች በሶንጎ ከወንዱ እኩል ቃል አልነበራቸውም። ነገር ግን አንድ ቁም ነገር ልብ እንበል፦ በሶንጎ ምክሩ ከሥራው ይቀድማል። አስቀድሞ ይመከራል፣ ቀጥሎ ይሠራል። በከተማው ግን ነገሩ ተገልብጦ ነው የተጀመረው። አስቀድሞ ይሠራል፤ ቀጥሎ ሕዝቡ ተሰብስቦ ይነገረዋል።

ዲላን ቡና አሳደጋት

ዲላን ያሳደጋት የጦር ሰፈርነትዋ ብቻ አይደለም። ከባሕር ወለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ፣ ደጋውና ቆላው በሚገናኙበት ተዳፋት ሥር የተቀመጠች በመሆንዋ፣ ቡናውም መንገዱም እሷ ላይ ተገናኙ። ከላይ ከይርጋጨፌ፣ ከኮቸሬና ከወናጎ የሚወርደው ቡና ዲላ ይራገፋል፤ ይበጠራል፤ ይጫናል። ጀንፈሉ ይቀሸራል፤ ሴቶች ጎንበስ ብለው ይለቅሙታል፤ ወዛደሩ ጆንያውን በትከሻው ይሸከማል። የጭነት መኪናው ሲበዛ ጋራዡ መጣ፤ ጋራዡ ሲመጣ ምግብ ቤቱና አልቤርጎው መጣ። ጉራጌውና ስልጤው፣ አማራውና ኦሮሞው፣ ሲዳማውም ከጌዴኦው ጋር ጎረቤት ሆነ። እንግዲህ የዲላን መሐል ከተማ የነደፈው መሐንዲስ ማን ነው ቢሉን፣ ቡና የጫነ መኪና ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። መኪናው የሚቆምበት ቦታ ገበያ ሆነ፤ የሚያልፍበት መንገድ ከተማ ሆነ።

ሕጉስ ለነዋሪው ምን ቦታ ሰጠው? በ1937 ዓ.ም. ስለ ከተሞች አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 74 ወጣ። በአገራችን ታሪክ ማዘጋጃ ቤቶችንና ምክር ቤቶቻቸውን በአንድ ሕግ ሥር ያዋቀረ አዋጅ በመሆኑ ትልቅ ቦታ አለው። በምክር ቤቱ ከመንግሥት ሹማምንት ጎን ነዋሪዎችም ተመርጠው እንዲቀመጡ ይል ነበር። ነገር ግን ነዋሪ ሲል ማንን ማለቱ ነው? የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለውን ነው። ስለዚህ ባለ ቦታውና ባለ ቤቱ ይመክራል፤ ተከራዩ ይከፍላል። ቡና ለቃሚዋ፣ ኩሊው፣ ጠላ ሻጭዋ፣ የሰው ቤት የምታገለግለው ልጅ፣ እነዚህ ሁሉ ከተማው ውስጥ እየኖሩ በሕግ ዓይን «ነዋሪ» አልነበሩም። በ1950 ዓ.ም. ገደማ ዲላ በአገሪቱ አንደኛ ደረጃ ተብለው ከተመደቡት 27 ከተሞች አንዷ ለመሆን በቅታ ነበር። ደረጃው አንደኛ ሆነ፤ ኑሮው ግን በየሰዉ ደረጃ ቀረ።

የከተማው ድምቀት ከየት እንደ መጣ የሚያስታውሰን ሌላም ነገር አለ። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ጭሰኞች በቡናቸውና በግብሩ ነገር ከባለ መሬቶች ጋር ተጋጭተው ሚጭሌ ላይ ደም ፈሰሰ። ጦርና ገጀራ ከጠመንጃ ጋር ገጠመ። ከተማው ያማረበት ቡና ገጠሩ ያለቀሰበት ቡና ነበር። ይህን ማንሣታችን ያለ ነገር አይደለም፤ የዲላ መሐል ከተማና የጌዴኦ ገጠር በአንድ ገመድ የታሰሩ ስለሆኑ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የጌዴኦ ዞን ሕዝብ 847,434 ነበር፤ ይህም በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው ገደማ መሆኑ ነው። ለአባትየው ያልበቃ የእንሰትና የቡና ማሳ ለሦስት ልጆች ሲከፈል፣ ሦስተኛው ልጅ ወዴት ይሄዳል? ወደ ዲላ ነዋ! ሊስትሮ ይሆናል፤ ባጃጅ ላይ ረዳት ይሆናል፤ እኅቱ ጉሊት ትቀመጣለች። መሐል ከተማው ለምን ተጨናነቀ ብሎ የሚቆጣ ሰው መጀመሪያ ይህን ሒሳብ ይሥራ።

ቀበሌ፤ የተሰጠና የተወሰደ ቃል

1966 መጣ፤ አብዮቱ ፈነዳ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ታወጀ። ኪራይ ተቀነሰ። በወር እስከ 100 ብር የሚከራየው ቤት በቀበሌ እጅ ገባ። ከሁሉ በላይ ግን አዋጁ የከተማ ነዋሪዎች ማህበርን አቋቋመ። በ1969 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 104 ማህበሩን አጠናክሮ ከቀበሌ እስከ ከተማ አደራጀው። ይህን ነገር ዛሬ ቀለል አድርገን ማየት የለብንም። ትናንት «ነዋሪ» ያልነበረው ተከራይ ለመጀመሪያ ጊዜ አባል ሆነ። ኩሊው እጁን አውጥቶ መምረጥ ቻለ። ቦኖ ውሃ የት ይተከል? የጋራ መጸዳጃ የት ይቆፈር? ሱቁ የት ይከፈት? የሚል ክርክር በየቀበሌው አዳራሽ ተሰማ። ከ1971 ጀምሮ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ ጌዴኦኛም አንዱ ሆነ። በገዛ ቋንቋው ስሙን የጻፈ ሰው አቤቱታውንም መጻፍ ይችላል ማለት ነው።

ምን ያደርጋል! ያ በር ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። በ1969 እና በ1970 ቀይ ሽብር ሲፋፋም በመላ አገሪቱ ቀበሌው እስር ቤት ሆነ፤ አብዮት ጥበቃው ጎረቤቱን ጠባቂ ሳይሆን አሳዳጅ ሆነ። ስብሰባው አልቀረም፤ ምክሩ ግን ቀረ። ሰው ስብሰባ የሚሄደው ሐሳብ ሊሰጥ ሳይሆን ስሙ እንዲመዘገብለት፣ የራሽን ካርዱ እንዳይያዝበት ሆነ። የሚናገረው የተፈቀደውን፣ የሚያጨበጭበው በታዘዘበት ሰዓት ነበር። በአገራችን ሰው ልብ ውስጥ «ስብሰባ» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ የሚያንቀላፋ ቃል የሆነው ለዚህ ነው። ዛሬ አንድ ኃላፊ «ነዋሪውን ጠራን፤ አልመጣም፤ ቢመጣም አይናገርም» ብሎ ሲያማርር የነዋሪውን ስንፍና ብቻ ያያል። ዝምታውም ታሪክ እንዳለው ይረሳል።

የቀበሌ ቤቱስ ነገር? ኪራዩ ስላነሰ ለድሃው መከታ ሆነው፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ነገር ግን ጣራው ሲያፈስ የሚያድስ አልተገኘም። ተከራዩ እንዳያድስ «ቤቱ የመንግሥት ነው» ይባላል፤ ቀበሌው እንዳያድስ የሚሰበስበው ኪራይ ለቆርቆሮ አይበቃም። እንዲህ እንዲህ እያለ በየከተማችን መሐል ያለው ጭቃ ቤት ጎበጠ። ዛሬ «አሮጌ ሰፈር» ተብሎ የሚፈርሰው ነዋሪው ቆሻሻ ስለሚወድ ያረጀ አይደለም፤ ባለቤት ያጣ ሕግ ያስረጀው ነው።

ከእጅ መዋጮ እስከ ኮሪደር

ከ1983 በኋላ አስተዳደሩ ተለወጠ። ዲላ በደቡብ ክልል የጌዴኦ ዞን መቀመጫ ሆነች፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረትም ከማዕከላቱ አንዷ ተባለች። በ1980ዎቹ ማብቂያ የመምህራንና የጤና ኮሌጅ ተከፈተባት፤ ኮሌጁ አድጎ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የተማሪው መብዛት የቤት ኪራዩን፣ የሻይ ቤቱን፣ የፎቶ ኮፒ ሱቁን አበዛው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ 59,150 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ምን ያህል እንደ ጨመረ መንገዱ ላይ የወጣ ሁሉ በትከሻው ያውቀዋል።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ፕላን ሲዘጋጅ ሕዝብ እንዲመክርበት ያዛል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ማስለቀቅ አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ተነሺው አስቀድሞ እንዲያውቅና እንዲወያይ ይደነግጋል። ወረቀቱ ላይ እንግዲህ ሶንጎ ተመልሷል ማለት ይቻላል። በተግባር ግን ነዋሪው የሚፈለገው ለሁለት ነገር ነው፤ ለእጁና ለኪሱ። ኮብልስቶን በ1990ዎቹ ማብቂያ ከድሬዳዋና ከአዳማ ተነሥቶ ወደ ብዙ ከተሞች ሲስፋፋ በየሰፈሩ ነዋሪው አዋጥቷል፤ ወጣቱ ድንጋይ ጠርቧል። ጥሩ ሥራ ነው፤ ጭቃን ያየ ያውቀዋል። ሆኖም የትኛው መንገድ ይቅደም? ቦዩ በየት ይውረድ? በሚለው ላይ መዋጮ ከፋዩ ስንት ጊዜ ተጠይቋል?

የመሐል ከተማ ነገር የውበት ነገር ብቻ እንዳልሆነ ዲላ በመራራ መንገድ አይታዋለች። በ2009 ዓ.ም. መስከረም ማብቂያ ላይ በጌዴኦ ዞን በተነሣው ሁከት በዲላ፣ በወናጎና በይርጋጨፌ ሱቆችና የቡና መጋዘኖች ተቃጠሉ፤ ነዋሪዎች ከቤታቸው ተሰደዱ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት ኮሚሽን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ባቀረበው ሪፖርት 34 ሰው መሞቱን ገለጸ። በ2010 ደግሞ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል በተነሣው ግጭት ከሁለቱም ወገን አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተፈናቀለ፤ ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን መጠለያ ሆነ። የነዚህ መከራዎች ምክንያት ብዙ ነው፤ በከተማ ፕላን ብቻ የሚገለጽም አይደለም። ይሁን እንጂ አንድ ትምህርት አለው። ሱቅ ከሱቅ ተጎራብቶ ሰው ከሰው ካልመከረ፣ ገበያ ብቻ እንጂ ከተማ አልተሠራም። ሰው ያልመከረበትን ቦታ የእኔ ነው አይልም፤ የእኔ ያላለውን ሲያቃጥሉበትም አይከላከልም።

በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች ሲዛመት ዲላም ደርሷል። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራት፣ አበባ ማን ይጠላል? ሕፃን አዝላ ከተሳቢ ጋር የምትጋፋ እናት ከማንም በላይ የእግረኛ መንገድ ያስፈልጋታል። ጥያቄው መንገዱ ላይ አይደለም፤ መንገዱ ሲሰፋ ጠርዙ ላይ የነበረው ሰው የት ሄደ? የሚለው ላይ ነው።

ነዋሪው ምን ይላል?

የከተማውን ሰው ቀርቦ ያነጋገረ፣ በሻይ ቤት፣ በለቅሶ ቤት፣ በዕድር ድንኳን ሥር የተቀመጠ ሰው የሚሰማው ሐሳብ አለ። ሐሳቡ በወረቀት አልሰፈረም፤ በቀለም አልተነደፈም። ግን ሐሳብ ነው። ከብዙው ጥቂቱን እንመልከት።

አንደኛው ጥላ ነው። የዲላ ፀሐይ ቀላል አይደለም። የጌዴኦ ገበሬ ቡናውን በብርብራ፣ በዋንዛና በሌላም ዛፍ ጥላ ሥር ነው የሚያሳድገው፤ ከላይ ዛፉ፣ መሐል እንሰቱ፣ ከሥር ቡናው። ይህ ጥበብ በ2016 ዓ.ም. መግቢያ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ተብሎ ከትክል ድንጋዮቹና ከተከበሩት ደኖቹ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። እንግዲህ ዓለም ያደነቀው የጥላ ጥበብ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ እያለ፣ መሐል ከተማው ጥላ የማይጥል ዘንባባ ሲተከልበት ማየት አያስገርምም? «ለቡናው ጥላ ያዘጋጀ ሰው ለሰው እንዴት ጥላ ይነፍጋል?» ቢሉ ምን ስሕተት አለው?

ሁለተኛው ጉሊት ነው። ጉሊት የተቀመጠችው እናት የመንገድ ጠላት አይደለችም። ሰው የሚያልፍበት ካልሆነ ቲማቲምዋን ማን ይገዛታል? ከመንገድ አንሥቶ ከከተማ ዳር ማስቀመጥ ድህነትን ከዓይን ማራቅ እንጂ ማጥፋት አይደለም። የነሱ ሐሳብ ቀላል ነው፦ በእግረኛው መንገድ ጥግ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ወለሉ ከፍ ያለ፣ ውሃ ያለው አጭር አጭር መደብ ይሠራ፤ የቀን ኪራይ እንክፈል፤ ቆሻሻችንን ራሳችን እንጥረግ። ወይም ሰዓት ይከፈል፤ ከሥራ መውጫ በኋላ ያለው ጊዜ የኛ ይሁን።

ሦስተኛው መኪናው ነው። አውራ ጎዳናው ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚዘረጋው የአፍሪካ መንገድ አካል ነው፤ ስለዚህ ተሳቢው ማለፉ አይቀርም። ግን ማለፍና መሐል ከተማ ማደር ይለያያሉ። የጭነት መኪና ማደሪያ ከከተማው መግቢያና መውጫ ይሁን፤ ትምህርት ቤትና ገበያ ባለበት ፍጥነቱን የሚገታ ነገር ይደረግ፤ ባጃጅ የሚቆምበት ይለይለት። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብላ በወር አንድ እሑድ ጎዳናዋን ከመኪና ነፃ ስታደርግ ልጆች አስፋልት ላይ ኳስ ተጫውተዋል። የዲላ ልጅ ከዚህ የሚያንስበት ምክንያት የለም።

አራተኛው ውሃው ነው። ለገዳራና ዋለሜ የተባሉት ወንዞች ለከተማው ጌጥ መሆን ሲገባቸው የቆሻሻ መውረጃ ሆነዋል። ክዳን የሌለው ቦይ ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ይጎርሳል፤ ዝናብ ሲመጣ የጎረሰውን በየሱቁ ደጃፍ ይተፋዋል። ቦዩ ይከደን፤ የወንዙ ዳር እንደ ሶንጎ ግቢ ይከበር፤ ዛፍ ይተከልበት፤ መኪና አይታጠብበት ይላሉ።

አምስተኛውን ለመናገር ሰው ያፍራል፤ እኛ ግን እንጽፈዋለን። መጸዳጃ ቤት ነው። ከገጠር ለገበያ የመጣች ሴት ከጧት እስከ ማታ የት ትሂድ? ሻይ ያልገዛ የማይገባበት ከተማ ለማን ነው የተሠራው? ከዚሁ ጋር፣ ሳይከፈልበት የሚቀመጡበት አግዳሚ፣ በዊልቸር ለሚሄድ የሚመች መሻገሪያ፣ ማታ ከትምህርት ለምትመለስ ተማሪ መብራት። እነዚህ ሁሉ ሚሊዮኖች የሚፈጁ አይደሉም፤ ጠያቂ ያጡ እንጂ።

ምክር ከሥራው ይቅደም

ይህ የዲላ ችግር ብቻ እንዳይመስለን። ጣሊያን በአምስቱ የወረራ ዓመታት አዲስ አበባን በቆዳ ቀለም ሊከፍላት ሲያቅድ፣ ገበያውን ከአራዳ ነቅሎ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ሲያዛውር ማንን ጠየቀ? በሀብታም አገርም ቢሆን ነገሩ ያው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 ጄን ጄኮብስ የምትባል የኒው ዮርክ ጸሐፊ ስለ አሜሪካ ታላላቅ ከተሞች ሞትና ሕይወት ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ሰፈርን ከላይ ሆኖ በካርታ የሚያይ መሐንዲስ ሰፈሩን እንደሚገድለው ተከራከረች። ሰፈሯን ሊሰነጥቅ የታቀደውንም አውራ ጎዳና ከጎረቤቶችዋ ጋር ሆና ታገለች፤ መንገዱም ሳይሠራ ቀረ። በብራዚል ፖርቶ አሌግሬ ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ነዋሪው በየሰፈሩ ተሰብስቦ የማዘጋጃ ቤቱ ገንዘብ የተወሰነው ክፍል በምን ላይ ይዋል ብሎ ራሱ እንዲወስን ተደረገ። ድሃ ሰፈሮች መጀመሪያ የጠየቁት ሐውልት አልነበረም፤ ውሃ፣ የፍሳሽ መውረጃና ጥርጊያ መንገድ ነበር። ድሃ ሲጠየቅ የሚመልሰው እንዲህ ነው፤ የሚያስፈልገውን ያውቃል።

ስለዚህ «ሕዝቡ ተሳትፏል» ሲባል ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ የተጠየቀው ፕላኑ ሳይነደፍ ነው ወይስ ግሬደሩ ከቆመ በኋላ? ሁለተኛ፣ ሐሳቡ ተቀባይነት ሲያጣ ምክንያቱ ተነገረው ወይስ ቃለ ጉባዔው ተዘጋ? ሦስተኛ፣ ከተጠየቁት መካከል ተከራዩ፣ ጉሊቷ፣ ተሸካሚው አሉበት ወይስ እንደ 1937ቱ አዋጅ ባለ ንብረቱ ብቻ ነው? ለሦስቱም መልካም መልስ ያለው ከተማ ቢያረጅ እንኳ ይኖርበታል። መልስ የሌለው ግን በመብራት ቢያሸበርቅም ነዋሪው በገዛ ሰፈሩ እንግዳ ነው።

መንገዱ ሩቅ አይደለም። በመሐል ከተማው አንድ ግቢ ይከለል፤ ዛፍ ይኑረው፤ አግዳሚ ይኑረው። የከተማው ፕላን በአማርኛና በጌዴኦኛ ተጽፎ፣ ተሥሎ እዚያ ይለጠፍ። በወር አንድ ቀን፣ ዕድሮች፣ የጉሊት እናቶች፣ የባጃጅ ሾፌሮች፣ ነጋዴዎችና ተማሪዎች ከማዘጋጃ ቤቱ ሰው ፊት ይቀመጡ። ሽማግሌው የነበረውን ሥልጣን ሴቲቱም ታግኝ። ያለፈው ወር ቃል ምን ላይ ደረሰ ተብሎ ይጀመር። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከጌዴኦ ተራራ ወደ አስፋልቱ የወረደ ሶንጎ ነው።

እኛ ተማሪዎችስ? በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሠማርተው ነበር። ሕዝቡን ሊያነቁ ሄዱ፤ ብዙዎቹ ግን ከሕዝቡ ተምረው ተመለሱ። የዛሬው ዘመቻ ከዚያ ያነሰ ድካም ያለው ነው፤ ከግቢ በር ወጥቶ ሃያ ደቂቃ መሄድ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ምህንድስና የሚማር ሜትሩን ይያዝ፤ ሕግ የሚማር አዋጁን ያንብብላቸው፤ ቋንቋ የሚማር የሚሉትን እንዳሉት ይጻፍ። ጉሊት የተቀመጠችውን እናት «እንዴት ይሁን?» ብሎ መጠየቅና መልስዋን ማዘጋጃ ቤት ድረስ ማድረስ ዲግሪ አይጠይቅም፤ ጆሮ ብቻ ነው የሚጠይቀው።